አልኮል ሁሉ አንድ አይደለም፦ ውሃ በአሲድ አማካይነት ከአልኪን ጋር ሲዋሃድ

መግቢያ

“አልኮል” የሚለውን ቃል በሥራው ላይ በየዕለቱ የማያነሳ የጤና ባለሙያ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መርፌ ከመወጋቱ በፊት ቆዳ የሚጠረግበት፣ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ስንሸጋገር እጃችንን የምናሽበት፣ በቤተ ሙከራ የምርመራ ናሙና የሚዘጋጅበትና አንዳንድ ሕሙማን ጠጥተውት ራሳቸውን ስተው የሚመጡበት ፈሳሽ በዚሁ አንድ ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ በዚህ ስም ሥር የተሰባሰቡት ውሁዶች በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ውጤት እጅግ የተለያየ ነው። አንዱ ሰክሮ ከመተኛት በላይ ሳያደርስ ሊያልፍ ይችላል፤ ሌላው በጥቂት መጠን የዓይን ብርሃን ያጠፋል። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱን ለማወቅ የአልኮሎቹን አፈጣጠርና አወቃቀር መመልከት ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ ከከተማ ሆስፒታሎች ይልቅ በወረዳ ደረጃ ላሉ ጤና ተቋማት ይበልጥ ያሳስባል። በደቡብ ጎንደር ዞን፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሜዳው የጉማራና የርብ ወንዞች የሚያልፉበት፣ ሩዝ በስፋት የሚመረትበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን የጎርፍ አደጋ የአካባቢው ነዋሪ አይዘነጋውም። እንዲህ ባለ ጊዜ በየቀበሌው ውሃ ሞልቶ ሳለ ንጹሕ ውሃ ይጠፋል፤ መንገድም ይቆረጣል። ስለሆነም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወረታ ከተማም ሆነ ከእርሷ ርቀው በሚገኙት ጤና ኬላዎች በአልኮል እጅን ማጽዳት ምቾት ብቻ ሳይሆን የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚያው ልክ፣ መለያ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ መጠጥ ጉዳት ቢያደርስ፣ ሕመምተኛውን መጀመሪያ የሚያየው በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አልኪን የሚባሉት ውሁዶች በአሲድ አማካይነት ከውሃ ጋር ተዋሕደው እንዴት አልኮል እንደሚሆኑ ማስረዳትና፣ ይህ በትምህርት ቤት የተማርነው ኬሚካዊ ለውጥ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ምን እንደሚጠቅመን ማሳየት ነው።

1. ድርብ ትስስርና ውሃ

አልኪን ማለት ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠራ፣ ቢያንስ ሁለት የካርቦን አቶሞቹ በድርብ ትስስር የተያያዙ ውሁድ ነው። ከሁሉም ትንሹ ባለ ሁለት ካርቦኑ ኢቲሊን ነው። ኢቲሊን ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም፤ ሙዝና ማንጎ ሲበስሉ ራሳቸው የሚያመነጩት፣ አጠገባቸው ያለውንም ፍሬ ቶሎ የሚያበስል ጋዝ ነው። ቀጥሎ ባለ ሦስት ካርቦኑ ፕሮፒሊን፣ ከዚያም ባለ አራት ካርቦኑ አይሶቡቲሊን ይመጣሉ። በኑግ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊኖሌይክ አሲድ ራሱ አልኪን ባይባልም፣ በረጅሙ የካርቦን ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ድርብ ትስስሮች ስላሉት የዚሁ ባሕርይ ተካፋይ ነው።

ከድርብ ትስስሩ አንደኛው ጽኑ ነው። ሁለተኛው ግን ከአቶሞቹ መስመር በላይና በታች የተዘረጋ የኤሌክትሮን ደመና ስለሆነ የላላና በቀላሉ የሚነካ ነው። ይህ ደመና ኤሌክትሮን የሚሻ ማንኛውንም ነገር ይስባል። ውሃ ግን ኤሌክትሮን የሚሻ ሳይሆን ራሱ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ሞለኪውል ነው። ሁለት ሰጪዎች ተገናኝተው ተቀባይ ከመካከላቸው ከሌለ ውል አይፈጸምም። በዚህም ምክንያት ሙዝ በሚበስልበት እርጥብ ክፍል ውስጥ ኢቲሊን ወደ አልኮል አይለወጥም፤ የኑግ ዘይትም በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ዓመት ቢቀመጥ አልኮል አይሆንም።

2. ለውጡ የሚፈጸምባቸው ሦስት ደረጃዎች

የጎደለውን ተቀባይ የሚያቀርበው አሲድ ነው። እንደ ሰልፈሪክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ ያለ አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፕሮቶኑን ለውሃ ያስረክባል። አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመው ፕሮቶንም ኤሌክትሮን የሚሻ ነው። ከዚህ በኋላ ለውጡ በሦስት ደረጃዎች ይካሄዳል።

በመጀመሪያው ደረጃ የድርብ ትስስሩ የኤሌክትሮን ደመና ፕሮቶኑን ይስበዋል። ፕሮቶኑ ከሁለቱ ካርቦኖች በአንደኛው ላይ ሲያርፍ ሌላኛው ካርቦን ኤሌክትሮን ይጎድለውና አዎንታዊ ሙል ይይዛል። እንዲህ ያለው ሞለኪውል ካርቦካታዮን ይባላል። ካርቦካታዮን ዕድሜው እጅግ አጭር፣ ለመፈጠርም ከፍተኛ ኃይል የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከሦስቱ ደረጃዎች ዝግተኛውና የጠቅላላውን ለውጥ ፍጥነት የሚወስነው ይኸው የመጀመሪያው ነው።

በሁለተኛው ደረጃ ውሃ ይገባል። አሁን ኤሌክትሮን የሚሻ ካርቦን ስለተገኘ ውሃ በኦክስጂኑ በኩል ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ይህ ደረጃ ፈጣን ነው።

በሦስተኛው ደረጃ ከካርቦኑ ጋር የተያያዘው ውሃ ትርፍ የሆነውን አንድ ፕሮቶን ይለቅና በሃይድሮክሲል መልክ ይቀራል። ውጤቱ አልኮል ነው። የተለቀቀው ፕሮቶን ወደ አካባቢው ውሃ ይመለስና ሌላ የአልኪን ሞለኪውል ይጠብቃል። እንግዲህ አሲዱ በመጀመሪያ የሰጠውን በመጨረሻ መልሶ ስለሚያገኝ በለውጡ አያልቅም፤ ሥራው መንገድ መክፈት ብቻ ነው። ካታሊስት ወይም አፋጣኝ የሚባለውም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ጨጓራችን ፒኤቹ ከ1.5 እስከ 2 ድረስ የሚወርድ አሲድ እያመነጨ፣ የበላነው የኑግ ዘይት ለምን በሆዳችን ውስጥ አልኮል አይሆንም? መልሱ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይገኛል። የጨጓራ አሲድ ምንም እንኳ ለረቂቅ ሕዋሳት ብርቱ ቢሆን፣ በሰውነት ሙቀት ካርቦካታዮን ለመፍጠር ግን እጅግ ደካማ ነው። በተጨማሪም ዘይት በውሃ ስለማይሟሟ ድርብ ትስስሩና ፕሮቶኑ በአግባቡ አይገናኙም።

3. የማርኮቭኒኮቭ ሕግ፦ ሃይድሮክሲሉ በየትኛው ካርቦን ላይ ይሰቀላል?

ኢቲሊን ሁለቱም ካርቦኖቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ፕሮቶኑ በየትኛውም ላይ ቢያርፍ ውጤቱ ያው ኢታኖል ነው። ፕሮፒሊን ግን ሦስት ካርቦን ስላለው ምርጫ ይመጣል። ፕሮቶኑ በመካከለኛው ካርቦን ላይ ቢያርፍ ሃይድሮክሲሉ ዳር ላይ ይሆንና ባለ አንደኛ ደረጃ አልኮል ይገኛል። በዳሩ ካርቦን ላይ ቢያርፍ ደግሞ ሃይድሮክሲሉ መካከል ላይ ይሰቀልና አይሶፕሮፒል አልኮል የተባለው ባለ ሁለተኛ ደረጃ አልኮል ይገኛል። በተግባር የሚገኘው ሁለተኛው ነው።

ሩሲያዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ቭላድሚር ማርኮቭኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1870 ይህን አስተውሎ በሕግ መልክ አስቀመጠው። በሕጉ መሠረት ሃይድሮጂኑ ቀድሞውንም ብዙ ሃይድሮጂን ወዳለው ካርቦን ይሄዳል። ለባለ ጠጋ ይጨመርለታል እንደማለት ነው። ምክንያቱ በዘመኑ በግልጽ ባይታወቅም ዛሬ እንደሚከተለው ይብራራል። አዎንታዊ ሙል የያዘ ካርቦን በዙሪያው ሌሎች ካርቦኖች በበዙ መጠን ጫናውን ከእነርሱ ጋር ይካፈላል፤ በመሆኑም ይረጋጋል። ሁለት ጎረቤት ካርቦን ያለው ከባለ አንዱ፣ ሦስት ያለውም ከባለ ሁለቱ ይሻላል። ለውጡም ቀላሉን መንገድ ይመርጣል።

ይህ ልዩነት በሚያስፈልገው የአሲድ ብርታት ላይም በግልጽ ይታያል። አይሶቡቲሊንን ለማዋሃድ ከ60 እስከ 65 በመቶ የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ሲበቃ፣ ለፕሮፒሊን ወደ 80 በመቶ፣ ለኢቲሊን ደግሞ ከ95 በመቶ በላይ የሆነ ያስፈልጋል። ከአይሶቡቲሊን የሚገኘው ባለ ሦስተኛ ደረጃ አልኮል ነው። አንባቢ ይህን የአንደኛ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ደረጃ ልዩነት እንዲያስታውስ አደራ እንላለን፤ ወደ ሕክምናው ስንመጣ ዋናው ቁልፍ እርሱ ነውና።

4. ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ

የዚህ ለውጥ ታሪክ የሚጀምረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ሰልፈሪክ አሲድ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን ጋዝ በብዛት እንደሚመጥ አስተዋለ። ናሙናውን የተረከበው ሄንሪ ሄኔል እ.ኤ.አ. በ1828 ኢቲሊንን የመጠጠው አሲድ በውሃ አማካይነት አልኮል እንደሚሰጥ አሳየ። በዚህም ያለ እርሾና ያለ ስኳር አልኮል መሥራት እንደሚቻል ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ከነዳጅ ማጣሪያ ከሚገኝ ፕሮፒሊን አይሶፕሮፒል አልኮል በፋብሪካ መመረት ጀመረ። ከ1947 ወዲህ ደግሞ ኢቲሊንና የውሃ እንፋሎት ፎስፎሪክ አሲድ ባዘለ ጠጣር ላይ በ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት እየተላለፉ ኢታኖል መሥራት ተቻለ።

ለውጡ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። አልኮል በብርቱ አሲድ ውስጥ ሲሞቅ ውሃውን አጥቶ ወደ አልኪን ይመለሳል። ሙቀት ሲጨምር የመመለሱ ነገር ያይላል፤ ሙቀት ሲቀንስ ደግሞ ለውጡ ይዘገያል። ፋብሪካዎች በእነዚህ ሁለት ችግሮች መካከል ስለሚሠሩ፣ በአንድ ዙር ወደ ኢታኖል የሚለወጠው ኢቲሊን ወደ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ተሰብስቦ ደጋግሞ ይተላለፋል። ኢታኖልና ሰልፈሪክ አሲድ በ140 ዲግሪ ገደማ ሲሞቁ ደግሞ በዋናነት የሚገኘው ኤተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን በሕዝብ ፊት ለማደንዘዣነት የቀረበውና የቀዶ ሕክምናን ታሪክ የለወጠው ውሁድ የዚሁ ቤተሰብ አባል መሆኑ ነው።

በአገራችን ለሕክምናና ለነዳጅ ድብልቅ ሲውል የቆየው ኢታኖል ምንጩ ሌላ ነው። በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የተመረተው ኢታኖል የተገኘው የሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ በእርሾ ተብላልቶ ነው። በፎገራ ገበሬ ቤት ከዳጉሳና ከጌሾ የሚወጣው አረቄም በመሠረቱ የዚሁ መንገድ ውጤት ነው። ከኢቲሊን የተሠራው ኢታኖልና ከሞላሰስ የተገኘው ኢታኖል በሞለኪውል ደረጃ ምንም ልዩነት የላቸውም። አይሶፕሮፒል አልኮል ግን በዓለም ገበያ የሚቀርበው በአብዛኛው ውሃ ከፕሮፒሊን ጋር ተዋሕዶ የተገኘው ነው።

ሜታኖልስ? ሜታኖል አንድ ካርቦን ብቻ ስላለው ድርብ ትስስር ካለው አልኪን ሊገኝ አይችልም፤ አንድ ካርቦን ከራሱ ጋር አይተሳሰርምና። ቀድሞ እንጨትን ያለ አየር በማጋየት ይገኝ ስለነበር የእንጨት አልኮል ይባል ነበር። ዛሬ የሚመረተው በዋናነት ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ከሚገኙት ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ነው። ዋጋው ርካሽ፣ መልኩም ሆነ ሽታው ከኢታኖል የሚቀራረብ በመሆኑ ለማጭበርበር ይመቻል።

5. በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ሥራ

ፋብሪካ በብርቱ አሲድና በ300 ዲግሪ ሙቀት የሚሠራውን የመሰለ ሥራ ሕዋሳችን በ37 ዲግሪና አሲድ ባልሆነ አካባቢ ይፈጽማል። በክሬብስ ዑደት ውስጥ ፉማሬዝ የተባለው ኢንዛይም በፉማሬት ድርብ ትስስር ላይ ውሃ ጨምሮ ማሌት ያደርገዋል። አኮኒቴዝ ደግሞ ከሲትሬት ውሃ ነሥቶ ድርብ ትስስር ከፈጠረ በኋላ ውሃውን በሌላ ቦታ ይመልሰዋል፤ በዚህም አይሶሲትሬት ይገኛል። ሰውነት ስብ በሚያቃጥልበት ጊዜም ኢኖይል ኮኤ ሃይድራቴዝ የተባለው ኢንዛይም በስብ አሲዱ ሰንሰለት ላይ በተፈጠረው ድርብ ትስስር ላይ ውሃ ይጨምራል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚውል ምእመን ከስብ የሚያገኘው ኃይል በዚህ በር ያልፋል።

በሁለቱ መካከል ልዩነቶች አሉ። አሲድ በብልቃጥ ውስጥ ሲሠራ፣ የሚገኘው አልኮል እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት መልክ ሊኖረው የሚችል ከሆነ ሁለቱንም አደባልቆ ይሰጣል፤ ፉማሬዝ ግን ከሁለቱ የማሌት መልኮች አንዱን ብቻ ለይቶ ይሠራል። በተጨማሪም በኢንዛይሞቹ ሥራ የውሃውን ማረፊያ የሚወስነው የማርኮቭኒኮቭ ሕግ ሳይሆን፣ በአቅራቢያው ያለው ካርቦኒል የኤሌክትሮን ስበትና የኢንዛይሙ ቅርጽ ነው። ፉማሬዝ በውርስ ጉድለት የሚያንስባቸው ሕፃናት በከባድ የአእምሮ ዕድገት ችግርና በመንቀጥቀጥ መሠቃየታቸው፣ ይህ ትንሽ የሚመስል የውሃ መጨመር ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ያስረዳል።

6. ሦስቱ አልኮሎች በጉበት ውስጥ

አሁን ወደ ሕሙማን እንመለስ። አልኮል ወደ ሰውነት ሲገባ በዋናነት በጉበት የሚገኘው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሃይድሮጂን ይነሳዋል። ውጤቱ ሃይድሮክሲሉ በተሰቀለበት ካርቦን ላይ ይወሰናል። አልኮሉ ባለ አንደኛ ደረጃ ከሆነ መጀመሪያ ወደ አልዲሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ አሲድ ይለወጣል። ባለ ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ወደ ኪቶን ይለወጥና በዚያ ይቆማል፤ ሌላ ካርቦን ካልተበጠሰ በስተቀር አሲድ ሊሆን አይችልም። ባለ ሦስተኛ ደረጃ ከሆነ በዚህ መንገድ ጭራሽ አይነካም።

ሀ) ኢታኖል። ወደ አሴታልዲሃይድ፣ ከዚያም ወደ አሴቴት ይለወጣል። አሴቴት ሰውነት የሚያውቀውና ለኃይል የሚጠቀምበት ነው። በመሆኑም አደጋው በዋናነት አእምሮን ከማፈዝና፣ በተለይ ምግብ ባልበላ ሰውና በሕፃናት ላይ፣ የደም ስኳርን ከማውረድ ይመነጫል።

ለ) አይሶፕሮፒል አልኮል። ሃይድሮክሲሉ በማርኮቭኒኮቭ ሕግ መሠረት መካከለኛው ካርቦን ላይ በመሆኑ ወደ አሴቶን ይለወጥና ያበቃል። ስለዚህም ይህን አልኮል የጠጣ ሰው ከኢታኖል ይልቅ በእጥፍ ገደማ ይፈዝዛል፤ ትንፋሹ አሴቶን አሴቶን ይሸታል፤ ሽንቱ ለኪቶን ምርመራ አዎንታዊ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደሙ ወደ አሲድነት አያደላም። ማስታወክና የጨጓራ ደም መፍሰስ ሊያጋጥሙት ይችላሉ። ኪቶን ያለ አሲድ መብዛት ማለት ይህ ነው። የስኳር ሕሙማን በሚያጋጥማቸው ኪቶአሲዶሲስ ግን ኪቶኑም አሲዱም አብረው ከፍ ይላሉ፤ አተነፋፈሱ ጥልቅና ፈጣን ነው፤ የደም ስኳሩም አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛ ነው። በጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ በግሉኮሜትር፣ በሽንት መመርመሪያ ወረቀትና አተነፋፈስን በማስተዋል ሁለቱን መለየት ይጀምራል።

ሐ) ሜታኖል። ባለ አንድ ካርቦን በመሆኑ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ከዚያም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል። ፎርሚክ አሲድ ሕዋሳት ኦክስጂን የሚጠቀሙበትን የመጨረሻ ኢንዛይም ያግዳል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳውም የዓይን ነርቭ ነው። አታላዩ ነገር ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ሕመምተኛው መጀመሪያ የሰከረ ብቻ ይመስላል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ ኢታኖልም አብሮ ጠጥቶ ከሆነ ከዚያም ዘግይቶ፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ እንዲሁም ነጭ ጭጋግ ውስጥ ያለ ያህል የዓይን መደብዘዝ ይመጣሉ።

ሜታኖል ራሱ ከሚገድለው ይልቅ ከእርሱ የሚወለደው አሲድ ይገድላል። ሕክምናው የሚመሠረተውም በዚህ ላይ ነው። ኢንዛይሙ ከሜታኖል ይልቅ ኢታኖልን ስለሚመርጥ፣ ኢታኖል በደም ውስጥ በዴሲ ሊትር ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ከተገኘ ሜታኖሉ ሳይለወጥ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጣል። ፎሜፒዞል የተባለው መድኃኒት በተሻለ ደኅንነት ይህንኑ ይሠራል። በአይሶፕሮፒል አልኮል መመረዝ ግን ኢንዛይሙን ማገድ አይገባም፤ አሴቶን ከወላጁ አልኮል ያነሰ ጉዳት ያለው በመሆኑ፣ ማገድ የሕመምተኛውን ፍዘት ከማራዘም በቀር ጥቅም የለውም። ስለሆነም “አልኮል ጠጥቷል” ብሎ ማለፍ ሳይሆን የትኛውን እንደጠጣ መለየት የሕክምናውን መንገድ ይለውጣል።

7. በጤና ጣቢያ ደረጃ ልናደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ የእጅ ማጽጃ አልኮል ፍላጎት በአንድ ጊዜ አሻቀበ። በዚያው ዓመት በሌሎች አገሮች በሜታኖል የተበከለ ወይም በሜታኖል የተሠራ የእጅ ማጽጃ ጉዳት አድርሷል። በአሜሪካ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2020 ግንቦትና ሰኔ ወራት ብቻ የእጅ ማጽጃ ጠጥተው በሜታኖል ከተመረዙ 15 ሰዎች 4ቱ ሲሞቱ፣ 3ቱ ከሆስፒታል ሲወጡ የማየት ችግር ነበረባቸው። በኢራንም ሜታኖል የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ከዚህ በመነሳት የሚከተሉትን እናሳስባለን።

ሀ) የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ። ኢታኖል ወይም ኢቲል አልኮል፣ አይሶፕሮፓኖል ወይም አይሶፕሮፒል አልኮል ወይም 2-ፕሮፓኖል የሚል ከሆነ ለእጅና ለቆዳ ይሆናል። ሜታኖል ወይም ሜቲል አልኮል የሚል ከሆነ በፍጹም ለዚህ አይውልም። ዴናቹርድ ተብሎ የተጻፈ አልኮል ሜታኖል ሊኖርበት ስለሚችል ይዘቱ ሳይረጋገጥ ሥራ ላይ አይዋል። በሽታ፣ በመልክ ወይም በነበልባል ለመለየት መሞከር አያስተማምንም። ጽሑፉ የጠፋበትን ጠርሙስ ማስወገድ ይሻላል።

ለ) በትክክለኛው መጠን ማዘጋጀት። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት ቀመሮች አሉት። 10 ሊትር ለማዘጋጀት በመጀመሪያው ቀመር 8333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኢታኖል፣ በሁለተኛው ደግሞ 7515 ሚሊ ሊትር ባለ 99.8 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይወሰዳል። በሁለቱም 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድና 145 ሚሊ ሊትር ባለ 98 በመቶ ግሊሰሮል ይጨመርና፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በተጣራ ውሃ 10 ሊትር ይሞላል። ፐሮክሳይዱ በዕቃው ውስጥ ያሉ የባክቴሪያ ዘሮችን ለማጥፋት እንጂ ለእጅ አይደለም፤ ስለሆነም ድብልቁ ከመታደሉ በፊት 72 ሰዓት ይቆያል። ውሃ መጨመሩም ለቁጠባ አይደለም። አልኮል የረቂቅ ሕዋሳትን ፕሮቲን የሚያበላሸው ውሃ ሲኖር ነው፤ ንጹሕ አልኮል ቶሎ ይተንናል፣ ሥራውንም ሳይጨርስ ያልቃል።

ሐ) አረቄን ለእጅ ማጽጃ አለመጠቀም። የእጅ ማጽጃ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል። ዳግም የወጣ አረቄ እንኳ በአብዛኛው ከ50 በመቶ በታች ነው።

መ) ጭቃ የነካው እጅ በሳሙናና በውሃ መታጠብ እንዳለበት ማስተማር። ከሩዝ ማሳ ወይም ከጎርፍ በወጣ እጅ ላይ አልኮል ማፍሰስ ጭቃውን ከማርጠብ አያልፍም። ተቅማጥ ያለበትን ሕመምተኛ ከነኩ በኋላም ሳሙናና ውሃ ይቀድማል።

ሠ) መመረዝ ሲጠረጠር ጊዜ አለማባከን። የአየር ቧንቧንና ትንፋሽን መጠበቅ፣ የደም ስኳርን መለካትና የወረደ ከሆነ ማስተካከል፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለ ሜታኖልን አስቦ ዲያሊሲስ ወደሚገኝበት ሆስፒታል በፍጥነት መላክ ያስፈልጋል። የሚገኝ ከሆነ ባይካርቦኔትና ፎሊክ አሲድ ይጠቅማሉ። ኢታኖልን እንደ ማርከሻ መስጠት ግን የደም ስኳርንና ትንፋሽን በቅርብ መከታተል በሚቻልበት ቦታ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚፈጸም ነው። የዓይኑ ብርሃን እስኪጠፋ መጠበቅ አይገባም፤ የተጎዳ የዓይን ነርቭ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ረ) አብረው የጠጡትን መፈለግ። ሜታኖል ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ አይጎዳም። ከሠርግ፣ ከተዝካር ወይም ከማኅበር የመጣ አንድ ሕመምተኛ ካለ ገና ያልታመሙ ሌሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነርሱ ናቸው ከሁሉ ይበልጥ ሊድኑ የሚችሉት። የተረፈውን መጠጥ ከነዕቃው ማስቀመጥና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወዲያው ማሳወቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው ውሃ ከድርብ ትስስር ጋር የሚዋሃደው አሲድ መንገድ ሲከፍትለት ነው። ፕሮቶኑ የሚያርፍበት ቦታም ሃይድሮክሲሉ የት እንደሚሰቀል፣ የሃይድሮክሲሉ ቦታ ደግሞ አልኮሉ በጉበት ውስጥ ወደ አሲድ ወይም ወደ ኪቶን እንደሚለወጥ ይወስናል። በዚህም መሠረት የጤና ባለሙያ አልኮል በገጠመው ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ መልካም ነው። ስንት ካርቦን አለው? ሃይድሮክሲሉ በየትኛው ካርቦን ላይ ነው? በሰውነት ውስጥ መጨረሻው ምን ይሆናል? እነዚህን ለመመለስ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ፣ ሕመምተኛውን በጥሞና መመርመርና በትምህርት ቤት የተማርነውን ኬሚስትሪ ማስታወስ ይበቃል። ጤና ጣቢያዎች በየወሩ በሚያደርጉት የሠራተኞች ስብሰባ ላይ በመደርደሪያቸው ያሉትን የአልኮል ዕቃዎች አንድ በአንድ እያነሡ በእነዚህ ጥያቄዎች ቢፈትሹ፣ የክረምቱ ጎርፍ መንገድ ከመቁረጡ በፊት የሚታረም ነገር እንደሚያገኙ እናምናለን።